ጨጓራችንን ማን ላጠው?

«ጨጓራዬን ላጠው» ብሎ የማያውቅ የከተማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አለቃው የጨቀጨቀው ጨጓራው ይላጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ከፊቱ አንዱ የገባበት ጨጓራው ይቃጠላል። ልጇ ያመሸባት እናትም «ጨጓራ አስያዝከኝ እኮ!» ትላለች። ሌላው አካላችን ተደላድሎ ተቀምጦ ንዴቱንም፣ ኑሮውንም፣ የቤት ኪራዩንም የሚሸከመው ይኼ ምስኪን ጨጓራ ነው።

ነገሩ አነጋገር ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ቃር ያስቸገረው፣ ከበላ በኋላ ሆዱ የሚነፋ፣ ባዶ ሆዱን ሲሆን የሚያቃጥለው ሰው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሐኪሙ ወረፋ የያዙትን ሰዎች በበሩ ስንጥቅ እያየ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቀዋል። «ጨጓራ ነው» ይባላል። ማዘዣ ይጻፋል። ሰውየውም ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል የምትባል እንክብል ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማዘዣም አያስፈልገውም፤ ባለቀችበት ቁጥር ብቅ ብሎ «ያቺን የጨጓራዋን» ማለት ብቻ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ቦርሳ ውስጥ ከማስቲካና ከቻርጀር ጎን ይህቺ እንክብል አትጠፋም።

የዛሬው ወሬያችን የዚህች እንክብል የዘር ሐረግ ነው። ከየት መጣች? ሐኪሞች እሷን ማዘዝ እንዴት ለመዱ? ሂሳቡንስ ማን ከፈለ? አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የጨጓራ ሕክምና የመቶ ዓመት ታሪክ የሁለት ሐሳቦች ታሪክ ነው። አንደኛው «እሳቱን አብርዱት» ይላል። ሁለተኛው «እሳቱን የሚለኩሰውን ያዙት» ይላል። የመጀመሪያው በየቀኑ ይሸጣል፤ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ተሸጦ ያበቃል። የትኛው ገበያ እንደደራ ለመገመት መርካቶ ማደግ አይጠይቅም። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

ወተት፣ ቢላና ጭንቀት

በ1910 ካርል ሽዋርትዝ የተባለ የዛግሬብ ሐኪም አንድ አባባል አወጣ፦ አሲድ ከሌለ ቁስለት የለም። አጭር፣ ለመያዝ የምትመች፣ እውነትም ያላት አባባል ነበረች። ጨጓራ ምግብ ለመፍጨት አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ የጨጓራን ግድግዳ ሲበላው ቁስለት ይፈጠራል፤ ስለዚህ ጠላታችን አሲድ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሕክምና በሙሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ልጅ ነው።

በ1915 በርትራም ሲፒ የተባለ የቺካጎ ሐኪም የራሱን የአመጋገብ ሥርዓት አስተዋወቀ። በሽተኛው አልጋ ላይ ተኝቶ በየሰዓቱ ወተትና ክሬም ይጠጣል፤ በመካከል አሲድ የሚያረክስ ዱቄት ይወስዳል፤ እንዲህ እያለ ቀናትና ሳምንታት ይቆያል። ይኼ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ተልባ በጥብጠው «ጠጣው፣ ያለሰልስልሃል» ሲሉን ያው እሳቱን የማብረድ ሐሳብ ነው። ልዩነቱ የእናቶቻችን ምክር እንደ ሲፒ በመማሪያ መጽሐፍ አለመታተሙ ነው።

ወተቱ አልሆን ያለው ወደ ቢላ ይሄድ ነበር። ቴዎዶር ቢልሮት በ1881 ቪየና ውስጥ ካንሰር የያዘውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ በማውጣት ተሳክቶለት ነበርና ዘዴው ኋላ ለቁስለትም ዋለ። በ1943 ደግሞ ሌስተር ድራግስቴድ አሲድ እንዲመነጭ ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን ነርቭ መቁረጥ ጀመረ። በእነዚያ ዘመናት የጨጓራ ቁስለት ከባድ በሽታ ነበር፤ ደምቶና ተበስቶ ሰው ይገድላል።

መንስኤውስ? አሲዱ ለምን በዛ? እዚህ ላይ የዘመኑ ሊቃውንት ከእኛ አነጋገር ጋር ተገናኙ። ፍራንዝ አሌክሳንደርን የመሰሉ የሥነ ልቦና ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለትን ከአእምሮ ጭንቀት ከሚመጡ በሽታዎች ተራ አስገቡት። የሥራ ኃላፊዎች፣ የተቻኮሉ ነጋዴዎች፣ ንዴታቸውን የዋጡ ሰዎች በሽታ ነው ተባለ። በሽተኛው ወደ ቤቱ ሲላክ ወተት፣ ዱቄትና «አትናደድ» የሚል ምክር ተሸክሞ ነበር። ሳይንሱም እንደ እኛው «ጨጓራዬን ላጠው» ይል ነበር ማለት ነው።

ቢላው በብዕር ተተካ

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ በ1964 ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ዌልዊን ወደሚገኘው ቤተ ሙከራው ገባ። ጥያቄው ይኼ ነበር፦ ሂስታሚን የተባለው ኬሚካል ጨጓራን «አሲድ አምርት» ብሎ የሚያዝበትን በር መዝጋት ይቻላል? ዓመታት ፈጀ። አንዱ ሙከራ ሠርቶ ሳለ የነጭ የደም ሕዋስ ጉዳት ስላስከተለ ተጣለ። በመጨረሻ በ1976 ሲሜቲዲን፣ በንግድ ስሙ ታጋሜት፣ እንግሊዝ አገር ገበያ ላይ ዋለ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ገባ። በዓመት አንድ ቢሊዮን ዶላር በመሸጥ በዓለም የመጀመሪያው መድኃኒት ሆኖ የተመዘገበው እሱ ነው። ብላክ በ1988 ኖቤል ሲሸለም የበዛበት አልነበረም።

የለውጡ ትልቅነት ሐኪም ቤቱን ብቻ በማየት አይገባም። ከታጋሜት በፊት የጨጓራ ቁስለት የቀዶ ሐኪም ጉዳይ ነበር። ከታጋሜት በኋላ የሰፈር ሐኪም ጉዳይ ሆነ። በእንግሊዝ የጤና ሥርዓት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጠቅላላ ሐኪሙን ነው፤ ያ ሐኪም ለአንድ በሽተኛ ያለው ጊዜ አስር ደቂቃ ገደማ ነው። ድሮ ለጨጓራ በሽተኛ ሊሰጠው የሚችለው የሚጠጣ ነጭ ፈሳሽና ምክር ነበር። አሁን የሚሠራ ክኒን እጁ ገባ። ለቁስለት ታስቦ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በፍጥነት ቀነሰ። ይኼን ማቃለል ነውር ነው፤ ስንት ሰው ከቢላ ተርፏል።

ችግሩ አንድ ነበር። ክኒኑ ሲቆም ቁስለቱ ይመለሳል። መድኃኒቱን ካቆሙት ሰዎች ከግማሽ በላዩ ዘንድ ቁስለቱ በዓመት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መፍትሔው አለማቆም ሆነ፤ ማታ ማታ አንድ ክኒን፣ ለዓመታት። ለበሽተኛው ይኼ ዕዳ ነው። ለሻጩ ግን አንዴ የመጣ ደንበኛ ዕድሜ ልኩን አይሄድም ማለት ነው።

ግላክሶ የተባለው ኩባንያ ይኼ ገበያ ገብቶት በ1981 ራኒቲዲንን፣ ማለትም ዛንታክን ይዞ ብቅ አለ። ሁለተኛ የመጣ ሻጭ ዋጋ ይቀንሳል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ዛንታክ ከታጋሜት በውድ ተሸጠ፤ ውድነቱ ራሱ የጥራት ምልክት ተደርጎ ተወሰደለት። በሰማንያዎቹ መጨረሻ በዓለም አንደኛ ተሻጭ መድኃኒት ሆነ። በ1988 የስዊድኑ አስትራ የእኛዋን ኦሜፕራዞል ሎሴክ ብሎ አወጣ። እሷ ደግሞ በሩን ትታ የአሲዱን ፓምፕ ራሱን የምታጠፋ ናት። በዘጠናዎቹ የአንደኝነቱን ዘውድ ተረከበች። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ዘውድ ሲደፋ እያያችሁ ነው፤ ሦስቱም እሳት አብራጆች ናቸው።

የመሶሎንጊው ሐኪም

በዚህ ሁሉ መሐል እሳት ለኳሹን የያዘ ሰው አልነበረም? ነበር።

ጆን ሊኩዲስ ግሪክ ውስጥ መሶሎንጊ በምትባል ከተማ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነበር። ስመ ጥር ፕሮፌሰር አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም የሰፈር ሐኪም የመጣለትን የሚያክም ሰው ነው። በ1958 ራሱ ሆዱን ታመመ። አንቲባዮቲክ ወሰደ። ዳነ። የዳነው ሆዱን ብቻ አልነበረም፤ ቁስለቱም ተሻለው። «ይኼ ነገር ጀርም ይሆን እንዴ?» አለና በሽተኞቹን በአንቲባዮቲክ ማከም ጀመረ። የራሱንም ቅመም አዘጋጅቶ በ1961 የግሪክ ፓተንት አገኘ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ እሱ ጎረፉ።

የሙያው አለቆች ግን አልወደዱትም። የጻፈውን ጥናት ትልቁ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አልቀበልም አለ። በ1968 የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቆሞ 4,000 ድራክማ ተቀጣ። ሊኩዲስ በ1980 አረፈ። ትክክል እንደነበር የሚናገርለትን ዘመን ለጥቂት አጣው።

ምክንያቱም ከዓመት በፊት፣ በ1979፣ በዓለም ሌላ ጫፍ በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ሮቢን ዋረን የተባለ ፓቶሎጂስት ከሰው ጨጓራ በተቆረጠች ቅንጣት ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ ማየት ጀምሮ ነበር። በ1981 ባሪ ማርሻል የተባለ ወጣት ሐኪም ተቀላቀለው። ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ለማብቀል ደጋግመው ሞከሩ፤ እምቢ አለ። የቤተ ሙከራው ልማድ በሁለት ቀን ያልበቀለውን መጣል ነበር። በ1982 የፋሲካ በዓል ደረሰና ሳህኖቹ በረጅሙ እረፍት ምክንያት ሳይጣሉ ቀሩ። ሰዎቹ ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ ጠበቃቸው። ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍጥረት ኖሯል! ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው እሱ ነው።

ዓለም ግን አላመነም። እንስሳ ላይ የተደረገው ሙከራም አልሠራም። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ግጥም አድርጎ ጠጣው። ከቀናት በኋላ ማስመለስ ጀመረ፤ ትንፋሹ ተበላሸ፤ በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጤነኛ የነበረው ጨጓራው ተቆጥቷል። ቁስለት ሳይሆን የጨጓራ መቆጣት ነበር የያዘው፤ ግን መንገዱ ታየ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ቁስለት ያለባቸውና ባክቴሪያው የተገኘባቸው ሰዎች በአንቲባዮቲክ ይታከሙ ብሎ ያወጀው በ1994 ነው። ኖቤሉ ለዋረንና ለማርሻል የተሰጠው በ2005። ሊኩዲስ መታከም ከጀመረ ወዲህ 36 ዓመት፣ ማርሻል ከጠጣ ወዲህ 10 ዓመት እንደፈጀ ቁጠሩት።

ይኼን ሰምቶ «ኩባንያዎቹ ደበቁት» ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔም መጀመሪያ ቃጥቶኝ ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ይወሳሰባል። በ1954 ኤዲ ፓልመር የተባለ አሜሪካዊ ከ1,180 ሰዎች የጨጓራ ናሙና መርምሮ ባክቴሪያ አላገኘሁም ብሏል፤ ሐኪሞቹ በዚያ የአሲድ ባሕር ውስጥ ምንም አይኖርም ብለው ያመኑት ከመሬት ተነስተው አይደለም። አዲስ ሐሳብን መጠራጠርም የሳይንስ ግዴታ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለዕለታዊዋ ክኒን የሚሟገት ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ለሳምንት የአንቲባዮቲክ ሕክምና የሚሟገት ገንዘብ ያለው ባለቤት አልነበረም። ማንም ምንም ሳይደብቅ፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ያለው ሐሳብ ብቻ ይሰማል።

ታሪክ ቀልደኛ ናትና ኦሜፕራዞል ራሷ በመጨረሻ ለሁለተኛው ሐሳብ አገልጋይ ሆነች። ባክቴሪያውን የሚገድለው ሕክምና ሁለት አንቲባዮቲክና አንድ አሲድ ቀናሽ አጣምሮ የሚሰጥ ነው፤ እንክብሏ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ተባባሪ ትሆናለች። ያ ሲሆን ቁስለቱ የሚመለስባቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

ክኒኗ ረከሰች፣ ሂሳቡ ግን አልቆመም

አሁን ወደ አስር ደቂቃዋ ክፍል እንመለስ። ቃርና የሆድ መነፋት ይዞ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ቁስለት የለውም። ሁሉን በኢንዶስኮፒ ማየት ውድ ነው፤ ላለማየትም ያስፈራል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2004 ለሰፈር ሐኪሞች ሁለት መንገድ ሰጣቸው፤ ወይ ለአንድ ወር አሲድ ቀናሽ ስጡ፣ ወይ ባክቴሪያውን መርምራችሁ ካገኛችሁት አክሙ። ሰው ክኒኑን ለረጅም ጊዜ ከወሰደም በትንሹ መጠን ይሁን፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ «አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ አላቸው።

ወሩ ግን ዓመት ሆነ። ማዘዣ ማራዘም አንድ ፊርማ ነው፤ ማቆም ግን ንግግር ይፈልጋል፤ ንግግር ጊዜ ይፈልጋል። በ2008 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በእነዚህ መድኃኒቶች በከንቱ የሚያወጣውን በዓመት ቢያንስ 100 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የዓለሙን ወደ 2 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ብሎ ገምቶታል።

ኩባንያውም አልተኛም። የኦሜፕራዞል ፓተንት ማለቂያው ሲደርስ ኔክሲየም መጣ፤ በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኔክሲየም ምንድን ነው? ኦሜፕራዞል እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚተያዩ ሁለት ቅርፆች ድብልቅ ነው፤ ኔክሲየም አንደኛው እጅ ብቻ ነው። ለአንድ እጅ አዲስ ፓተንት፣ አዲስ ስም፣ አዲስ ዋጋ።

የሚገርመው ግን የኮፐንሃገኑ ነው። በ2009 የታተመ ጥናት ምንም ሕመም የሌለባቸውን 120 ጤነኛ ሰዎች ወሰደ። ግማሾቹ ለሁለት ወር ያህል ይኼንኑ መድኃኒት፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ዋጡ። ከዚያ ቆመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 44 በመቶዎቹ ቃርና የሆድ መታወክ ጀመራቸው፤ ባዶውን ከወሰዱት 15 በመቶዎቹ። ጨጓራ ለሁለት ወር ስትታፈን ከርማ ስትለቀቅ ከበፊቱ የበለጠ አሲድ ታመርታለች። ሰውየው «አየህ፣ ያለሷ አልኖርም» ብሎ ይመለሳል። እንክብሏ የራሷን ደንበኛ ራሷ ትወልዳለች ማለት ነው።

ወደ እኛው ሰፈር

እንግሊዝ ውስጥ ይኼን ሂሳብ መንግሥት ይከፍለዋል። እኛ ዘንድ አብዛኛውን የሚከፍለው የገዛ ኪሳችን ነው። ስለዚህ ታሪኩ የእኛ ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችን የደመረ በ2019 የወጣ ትንተና ከተመረመሩት ሰዎች ከግማሽ ጥቂት ከፍ የሚሉት ባክቴሪያው እንደተገኘባቸው ያሳያል። ይኼ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ እሳት ለኳሹ እኛ ዘንድ ብዙ ነው፤ ቁስለት ያለበትን ሰው ባክቴሪያውን ሳይፈልጉ ለዓመታት እሳት ብቻ ማብረድ ገንዘብ መበተን ነው። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያው የተገኘበት ሰው ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ አብዛኛው ተሸክሞት ይኖራል። ቁስለት የሌለበት ሆድ የሚያውከው ሰው ባክቴሪያው ቢጠፋለትም በዚያ ምክንያት የሚሻለው ከአስራ አራት አስራ አምስት ሰው አንዱ ያህል ነው። «ኤች ፓይሎሪ አለብህ» መባል የመጨረሻ መልስ ሳይሆን የአንድ ጥያቄ መጀመሪያ ነው።

ምርመራውም እንደ ዓይነቱ ነው። በደም የሚደረገው ምርመራ ሰውነታችን ባክቴሪያውን ተዋግቶ እንደሚያውቅ ይናገራል፤ ዛሬ ይኑር አይኑር ግን አይለይም። ታክሞ የዳነ ሰው ከወራት በኋላም «ፖዘቲቭ» ሊባልና እንደገና አንቲባዮቲክ ሊገዛ ይችላል። የሰገራና የትንፋሽ ምርመራ ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ኦሜፕራዞል ከቆመ ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ካለቀ አራት ሳምንት ካልሞላው ይሳሳታሉ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግማሽ መንገድ ላይ የሚቋረጠው ሕክምና ነው። ሦስቱን መድኃኒት ገዝቶ በአራተኛው ቀን «አፌን መረረኝ» ወይም «ገንዘብ አጠረኝ» ብሎ የተወ ሰው ባክቴሪያውን አልገደለም፤ አሠለጠነው እንጂ። ቀጥሎ የሚያስፈልገው መድኃኒት ይወደድበታል። ሌላም አለ። ለወገብና ለጉልበት የምንቅማቸው እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ከባክቴሪያው ቀጥሎ ዋነኞቹ የቁስለት መንስኤዎች ናቸው። በአንድ ፌስታል ማስታገሻና ኦሜፕራዞል ይዞ የሚወጣ ሰው ለኳሹንም ማጥፊያውንም ገዝቶ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ታሪክ ለአሁን ካልጠቀመ ለምን ይወራል? በሚቀጥለው ጊዜ ማዘዣ ሲጻፍልን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህቺን የምወስደው እስከ መቼ ነው? ባክቴሪያው መኖሩ በምን ተመረመረ? ሳቆም እንዴት ላቁም? ዋጥ እያደረጋችኋት የከረማችሁ ግን ይኼን አንብባችሁ ዛሬ ማታ እንዳትወረውሯት፤ ደም የሚያቀጥን ወይም ማስታገሻ የሚወስዱና ሌላም ምክንያት ያላቸው ሰዎች በእርግጥ ያስፈልጓቸዋል፤ ከሐኪም ጋር ነው የሚወሰነው። ደግሞ ለመዋጥ መቸገር፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካለ ነገሩ የእንክብል አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው።

የንጉሦቹንም መጨረሻ ልንገራችሁና ልሰናበት። ዛንታክ፣ ያ በዓለም አንደኛ የነበረው፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ንጥረ ነገር እየተገኘበት በ2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራኒቲዲን ከገበያ ይውጣ አለ። የመሶሎንጊው ሐኪም የተቀጣበት ሐሳብ ግን ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ።

አለቃችሁ ነገ ጠዋት መጨቅጨቁ አይቀርም፤ እናንተም «ጨጓራዬን ላጠው» ማለታችሁ አይቀርም። በሉ። ግን ከምር ሲያቃጥላችሁ አለቃችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት ተመርመሩ፤ ምናልባት ንጹሕ ሰው ነው።

ቸር እንሰንብት።